ፍራንስዋ ሁበር፦ በሌላ ሰው ዓይን የተመረመረ ቀፎ

በ1792 በጄኔቫ ከተማ ስለ ማር ንብ ሕይወት አንድ መጽሐፍ ለንባብ በቃ። መጽሐፉ የተዘጋጀው ለታላቁ የተፈጥሮ ተመራማሪ ለሻርል ቦኔ በተላኩ ደብዳቤዎች መልክ ነው። የንግሥት ንብ ተራክቦ የት እንደሚፈጸም፣ ንግሥቷን ያጣ ኅብረ ንብ ምትክ እንዴት እንደሚያሳድግ፣ ድንጉላ ንቦች በምን ጊዜ እንደሚገደሉ እስከዚያ ዘመን ድረስ ያልነበረ ዝርዝር ማስረጃ አቀረበ። የመጽሐፉ ባለቤት ፍራንስዋ ሁበር ይባላል። ከቀረቡት ምልከታዎች መካከል ግን አንዱንም በገዛ ዓይኑ አላየም፤ የንብ ምርምሩን ሲጀምር ዓይኑ ጠፍቶ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁበር ሐምሌ 2 ቀን 1750 በጄኔቫ ተወለደ። አባቱ ዣን ሁበር ሠዓሊና በመቀስ የጥላ ምስል ቆራጭ ነበር፤ በጎረቤት በፌርኔ ይኖር የነበረውን የቮልቴርን መልክ ደጋግሞ በመሥራት ስሙ ታውቋል። ከሥዕሉ በተጨማሪ አባትዮው የአዳኝ አዕዋፍን አበራረር አጥንቶ ጽፏል። ስለሆነም ልጁ ተፈጥሮን አተኩሮ የመመልከትን ልማድ ከቤት ያገኘው ይመስላል።

ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ጤናው ታወከ፤ ዓይኑም መድከም ጀመረ። ለሕክምና ወደ ፓሪስ ተልኮ ስመ ጥሩው ሐኪም ትሮንሻን ተመለከተው። አካሉ ይጠነክር ዘንድ በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው በስታን መንደር እንደ ማንኛውም ገበሬ እያረሰና የእርሻ ሥራ እየሠራ እንዲቆይ ታዘዘ። የአካሉ ጤና ተመለሰ፤ የዓይኑ ግን አልተመለሰም። የዓይን ሐኪሙ ቬንዜል ሕመሙ መድኃኒት እንደሌለው ቁርጡን ነገረው። ወጣቱ ከገጠር ኑሮው ያተረፈው ነገር ቢኖር የገበሬውን ሥራና አነጋገር ማወቁ ነው፤ ይህም ኋላ ከአንድ የገጠር ሰው ጋር ለዓመታት አብሮ ለመሥራት ሳይጠቅመው አልቀረም።

በዚያው ዘመን ማሪ ኤሜ ሉላን ከምትባል የጄኔቫ ባለሥልጣን ልጅ ጋር ይዋደዱ ነበር። አባቷ ልጁን ለሚታወር ሰው አልድርም ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። እርስዋም ሕጉ በራሷ ፈቃድ እንድትወስን እስከሚፈቅድላት እስከ 25 ዓመቷ ድረስ ታገሠች፤ በ1776ም ተጋቡ። ትዳራቸው አርባ ዓመት ያህል ጸና። በእነዚያ ዓመታት አንባቢው፣ ጸሐፊውና ብዙ ጊዜም ተመልካቹ ሆና ኖራለች። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፍት ይህን ታሪክ በአብዛኛው ለፍቅሩ ውበት ሲሉ ያወሱታል፤ ለምርምሩ ሥራ ያበረከተችው ድርሻ ግን ከዚያ በላይ ትኩረት የሚገባው ነው።

ሁበር የሬኦሙርንና የቦኔን መጻሕፍት የሚያነብለት ሰው አስፈለገው። ለዚህም በ1760 በቮ አውራጃ በኡላን መንደር የተወለደ ፍራንስዋ ቡርናን የሚባል ወጣት አገልጋይ ቀጠረ። ቡርናን በትምህርት ቤት የተፈጥሮ ሳይንስ አልተማረም። ሁበር ግን ሲያነብለት የሚሰጠውን አስተያየትና የሚያነሣውን ጥያቄ በጥሞና አድምጦ፣ የማስተዋል ተሰጥዎ ያለው ሰው መሆኑን ተረዳ። ወዲያው አዲስ ነገር ፍለጋ አልላከውም። በመጀመሪያ ሬኦሙር ቀደም ሲል ያያቸውን ነገሮች በመስታወት ቀፎ እንደገና እንዲመለከትና ያየውን በዝርዝር እንዲነግረው አደረገ። የቡርናን ቃል ከመጽሐፉ ጋር ሲስማማ እምነቱ ጸና፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መልስ ያልተገኘላቸውን ጥያቄዎች ይሰጠው ጀመር። ዛሬ መረጃ ሰብሳቢዎችን ወደ መስክ ከማሰማራት በፊት የሚደረገው ማለማመጃና ማመሳከሪያ ከዚህ ብዙም አይለይም።

የሁበር ዓይነ ስውርነት በምርምሩ ላይ የነበረው ውጤት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የሚያይ ተመራማሪ ቀፎውን ከፍቶ ዓይኑ የገባውን ሊመለከት ይችላል። ሁበር ይህ ዕድል አልነበረውም። ምን መታየት እንዳለበት አስቀድሞ ወስኖ በግልጽ ጥያቄ መልክ ማቅረብ፣ መልሱንም ከልዩ ልዩ አቅጣጫ ደጋግሞ መመርመር፣ ሲጠራጠር ሙከራውን በሌላ ቀፎና በሌላ ጊዜ ማስደገም ግድ ሆነበት። ቡርናን በበኩሉ በቃሉ የሚተማመን ሰው መሆኑን በየዕለቱ ማስመስከር ነበረበት። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ መጽሐፉ ባልተጻፈ ነበር።

ቀጣዩ ችግር መሣሪያ ነበር። በዘመኑ ገበሬዎች ይጠቀሙበት በነበረው የገለባ ቀፎ ውስጥ እንጀራው ከጣራው ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ፣ ውስጡን ለማየት ቀፎውን ማፍረስ ያስፈልጋል። የሬኦሙር የመስታወት ቀፎም ቢሆን በሁለት እንጀራዎች መካከል የሚደረገውን ነገር አያሳይም፤ ንግሥቷ በመካከላቸው ከገባች ከዓይን ትሰወራለች። ሁበር መጀመሪያ አንድ እንጀራ ብቻ የሚይዝ ጠባብ የመስታወት ቀፎ ተጠቀመ። ይሁንና ንቦች በእንዲህ ያለ ቤት በተፈጥሯዊ ሁኔታ ይኖራሉ ወይ የሚል ጥርጣሬ ስላደረበት ሌላ መላ ፈጠረ። አሥራ ሁለት ፍሬሞችን በማጠፊያ እያያያዘ፣ እንደ ብራና መጽሐፍ ቅጠል አንድ በአንድ የሚገለጥ ቀፎ አሠራ። እያንዳንዱ ፍሬም አንድ እንጀራ ይይዛል፤ የፍሬሞቹ ስፋትም ንቦች በተፈጥሮ በእንጀራዎቻቸው መካከል ከሚተዉት ርቀት ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ተለክቷል። ቀፎው በዝግታ ሲገለጥ ንቦቹ እንደማይቆጡ ቡርናን አረጋገጠ። ይህ ባለቅጠል ቀፎ የኅብረ ንቡን ሕይወት ሳያፈርሱ እያንዳንዱን እንጀራ በሁለቱም ፊት ለማየት አስቻለ፤ በመካከሉ ከፍሎ አንዱን ኅብረ ንብ ሁለት ለማድረግም አመቺ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ከሁሉ በላይ ያከራክር የነበረው የንግሥቲቱ መፀነስ ነበር። ለብዙ ዘመናት በአውሮፓ የኅብረ ንቡ መሪ ንጉሥ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። (አማርኛም መሪዋን ንብ አውራ ብሎ መጥራቱ እዚህ ላይ ሳይታወስ አይቀርም።) ሆላንዳዊው ስዋመርዳም በአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት ሆዷን ከፍቶ የዕንቁላል ማኅፀኗን በማየቱ ሴትነቷ ታወቀ። እንዴት እንደምትፀንስ ግን አልታወቀም። ስዋመርዳም ራሱ ከድንጉላዎቹ የሚወጣው ሽታ ብቻ ይበቃታል ብሎ አሰበ። ዴብሮ የተባለ ሌላ ተመልካች ደግሞ ድንጉላዎች እንደ ዓሣ በተጣለ ዕንቁላል ላይ ዘራቸውን ያፈሳሉ አለ። ሁበር ሐሳቦቹን በየተራ ፈተነ። ድንግል ንግሥቶችን ድንጉላ በበዛበት ቀፎ ውስጥ ዘግቶ አቆያቸው፤ ሽታው ቢበዛም አልፀነሱም። ድንጉላ ፈጽሞ ከሌለበት ቀፎ ውስጥም የዳበረች ንግሥት የጣለችው ዕንቁላል መፈልፈሉን አየ፤ በዚህም የዴብሮ ሐሳብ ወደቀ።

የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ንግሥቲቱ ከቀፎ ወጥታ በአየር ላይ ትገናኝ ይሆን የሚለው ነው። በ1788 ሰኔ ወር መጨረሻ ሁበርና ቡርናን ድንጉላዎች በሚወጡበት በሞቃት ሰዓት ከአንድ ቀፎ ደጅ ቆሙ። ወጣቷ ንግሥት ወጣች፤ ክንፏን አፍታታ በረረች፤ ብዙም ሳትቆይ እንደወጣች ተመለሰች። እንደገና ወጥታ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየች በኋላ ግን የሆዷ ጫፍ በነጭ ነገር ተሞልቶ መጣች። ከ46 ሰዓት ገደማ በኋላ ዕንቁላል መጣል ጀመረች። ሙከራው በሌሎች ንግሥቶች ተደግሞ አንድ ዓይነት ውጤት ሰጠ።

ሁበር ነጩን ነገር መጀመሪያ የረጋ የወንድ ዘር መስሎት ነበር፤ እንዲሁም ብሎ ጻፈ። ኋላ ቡርናን በጥንቃቄ ለይቶ ሲመረምረው ከድንጉላው አካል ተቆርጦ የቀረ የመራቢያ ብልት ሆኖ ተገኘ። ሁበር ስሕተቱን አልሸሸገም፤ እርማቱን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ለቦኔ በጻፈው ሌላ ደብዳቤ አሰፈረ። አንድ ተራክቦ ለንግሥቲቱ ይበቃታል የሚለው እምነቱ ግን በሕይወት ዘመኑ አልተነካም። ንግሥት ንብ ከብዙ ድንጉላዎች ጋር እንደምትገናኝ በማያጠራጥር ሁኔታ የታወቀው በሃያኛው ምዕት ዓመት ነው።

ከእነዚህ ሙከራዎች አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተከተለ። ንግሥቲቱ ከተወለደች ሦስት ሳምንት እስኪያልፍ ድረስ ተዘግታ ከቆየችና ከዚያ በኋላ ብትለቀቅ፣ ከዚያ ወዲያ የምትጥለው ዕንቁላል ሁሉ ድንጉላ ብቻ ይሆናል። ሠራተኛ ንብ ስለማይተካ ኅብረ ንቡ ውሎ አድሮ ይጠፋል። ሁበር ውጤቱን ደጋግሞ አረጋገጠ፤ ምክንያቱን ግን ሊደርስበት አልቻለም፤ አለመቻሉንም በግልጽ ጻፈ።

ሌላው አከራካሪ ጉዳይ ንግሥት በሌለበት ቀፎ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኘው ዕንቁላል ነበር። አንዳንዶች ሠራተኛ ንቦች ይጥሉታል ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሠራተኛ የምትመስል ትንሽ ንግሥት ተደብቃ ይሆናል ይሉ ነበር። ይህን ለመወሰን በሁለት ቀፎዎች ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን ንብ መፈተሽ ያስፈልግ ነበር። ቡርናን ንቦቹን አንድ በአንድ በእጁ እየያዘ፣ የእግራቸውን የአበባ ብናኝ መያዣ፣ ምላሳቸውንና መንደፊያቸውን እየተመለከተ ሁሉንም መረመረ። ሥራው 11 ቀን ወሰደ። በእነዚያ ቀናት ዓይኑን ከማሳረፍ በቀር ሌላ ዕረፍት አልወሰደም፤ የንቦቹንም ንድፊያ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ትንሽ ንግሥት አልተገኘችም፤ ሁሉም ሠራተኞች ነበሩ። ስለዚህ ዕንቁላሉ የሠራተኛ ንብ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዓመታት በኋላ የጄኔቫው ተመራማሪ የሉዊ ዡሪን ልጅ ክሪስቲን ዡሪን ሠራተኛ ንቦችን በረቂቅ ቢላ ከፍታ፣ በሁሉም ውስጥ ያልዳበረ የዕንቁላል ማኅፀን መኖሩን አሳየች። ሠራተኞች ጾታ የለሽ ናቸው የሚለው የቆየ እምነት በዚህ አበቃ።

ለንብ አናቢ ከሁሉ የሚጠቅመው ምናልባት ስለ ንግሥት መጥፋት የተደረገው ጥናት ነው። ንግሥቲቱ በተወሰደች አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ኅብረ ንቡ ይታወካል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንግዳ ንግሥት ብትገባ ሠራተኞቹ ከብበው ያፍኗታል፤ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን በክብር ይቀበሏታል። የላውዚጹ ቄስ ሺራህ ቀደም ሲል ንቦች ከተራ የሠራተኛ ዕጭ ንግሥት ሊያሳድጉ እንደሚችሉ አስታውቆ ነበር፤ ሁበር ይህን በሙከራ አጸና። ደግሞም ቀፎውን በሽቦ ወንፊት ከፍሎ ንግሥቲቱን በአንድ ወገን አኖረ። ንቦቹ በወንፊቱ ቀዳዳ አንቴናቸውን አሳልፈው ሊዳስሷት ሲችሉ በጸጥታ ሥራቸውን ቀጠሉ። መዳሰስ እንዳይችሉ ሁለት ወንፊት በርቀት ሲደረግ ግን፣ ሽታዋ ሊደርሳቸው የሚችል ቢሆንም፣ እንደ ጠፋች ቆጥረው የንግሥት ቤት መሥራት ጀመሩ። በተጨማሪም ንግሥት ያላቸው ኅብረ ንቦች በክረምት ዋዜማ ድንጉላዎቻቸውን ሲገድሉ፣ ንግሥት ያጡት ግን ሳይነኩ እንደሚተዉአቸው ቡርናን አየ። በማይገባ ወቅት ድንጉላ የበዛበትን ቀፎ የሚያይ አናቢ ስለ ንግሥቲቱ መጠራጠር የሚገባው ስለዚህ ነው።

የሰም ጉዳይም ነበር። ንቦች በእግራቸው ተሸክመው የሚገቡት የአበባ ብናኝ ተለውጦ ሰም ይሆናል የሚለው ሐሳብ በሬኦሙር ስም ጸንቶ ኖሯል። እንግሊዛዊው ጆን ሀንተር በ1792 ሰም በሠራተኛዋ ሆድ ሥር በቅርፊት መልክ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ቅርፊቱ ከምን እንደሚመነጭ ግን ገና ክፍት ጥያቄ ነበር። ሁበር ንቦችን በአዲስ ቀፎ ዘግቶ ማርና ውኃ ብቻ አቀረበላቸው፤ እንጀራ ሠሩ። እንጀራው ተወስዶ ሙከራው ተደጋገመ፤ በየጊዜውም እንደገና ሠሩ። ብናኝና ፍራፍሬ ብቻ የቀረበላቸው አልሠሩም። በስኳር ውኃ የተመገቡትም ሰም ሰጡ። ብናኙ የዕጮች ቀለብ መሆኑም በሌላ ሙከራ ተለየ። አናቢው ከዚህ የሚረዳው ማር ሲቆርጥ የሚወስደው እያንዳንዱ እንጀራ ለንቦቹ እንደገና በማር የሚከፈል ዕዳ መሆኑን ነው።

በሺህ የሚቆጠሩ ንቦች አንዲት ትንሽ በር ብቻ ባላት ቀፎ ውስጥ እንዴት እንደማይታፈኑም ተጠንቷል። ሁበር በዚህ ከዣን ሰንቢዬ ጋር ተባብሯል። ተመሳሳይ ጠባብ ቀዳዳ ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ሻማ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ፤ በውስጡ አነስተኛ ማራገቢያ ሲደረግ ግን ሳይጠፋ ነደደ። በቀፎው ውስጥ የማራገቢያውን ሥራ የሚሠሩት በደጁና በእንጀራው ላይ ተሰልፈው ክንፋቸውን የሚያርገበግቡት ሠራተኞች ናቸው። የቀፎው አየር ሲለካ ከውጭው ብዙም የማያንስ ንጽሕና ነበረው።

ቡርናን በ1790ዎቹ አጋማሽ ገደማ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ፤ በዚያም በመንደሩ ሰዎች ተመርጦ የዳኝነት ሥራ ያዘ። የእርሱን ቦታ ማሪ ኤሜና በ1777 የተወለደው ልጃቸው ፒየር ተኩት። ፒየር ኋላ በራሱ የጉንዳን ተመራማሪ ሆኖ በ1810 መጽሐፍ አሳትሟል። የሰም፣ የአየርና የእንጀራ አሠራር ጥናቶች የተካተቱበት የመጀመሪያው መጽሐፍ ሁለተኛ እትም በ1814 በሁለት ቅጽ የወጣው በእርሱ አዘጋጅነት ነው።

የሁበር ሥራ ተቺ አላጣም። ዓይነ ስውር ስላላየው ነገር እንዴት ይመሰክራል፣ ያልተማረ አገልጋይስ ቃሉ ምን ያህል ይታመናል የሚሉ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚፈታው ግን በክርክር ሳይሆን ሙከራውን በመድገም ነው። የደገሙት ሰዎች አብዛኛውን አጸኑለት፤ ጥቂቱን አረሙ። ለምሳሌ ዳርዊን በ1859 መጽሐፉ የእንጀራውን አሠራር ሲያወሳ፣ ስለ መጀመሪያዋ ክፍል አጀማመር ሁበር የሰጠው መግለጫ በትክክል ከራሱ ምልከታ ጋር እንዳልገጠመ ጠቁሟል። ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነገር ነው። ሁበር በመቅድሙ የቡርናንን ድርሻ በሙሉ ልብ መስክሮለታል፤ በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ ግን የሰፈረው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። በዘመኑ ልማድ አገልጋይ የመጽሐፍ ተባባሪ ደራሲ ሊሆን አይችልም ነበር። በዛሬው የአካዳሚ ሥርዓት ቢመዘን፣ ለ11 ቀን ንቦችን አንድ በአንድ የፈተሸ ሰው በምስጋና አንቀጽ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

ሁበር የመጨረሻ ዘመኑን በሎዛን ከሴት ልጁ ጋር አሳልፎ ታኅሣሥ 22 ቀን 1831 በ81 ዓመቱ ዐረፈ። ባለቅጠሉ ቀፎ ለተመራማሪ እንጂ ለገበሬ የሚመች አልነበረም፤ ሲከደን ንቦችን ይጨፈልቃል፤ አሠራሩም ውድ ነው። ነገር ግን እንጀራውን ሳያፈርሱ ማንሣት እንደሚቻል ማሳየቱ በቂ ነበር። የሁበርን መጽሐፍ በሚገባ ያነበበው አሜሪካዊው ቄስ ሎሬንዞ ላንግስትሮት በ1851 ንቦች በሰምም ሆነ በሙጫ የማይደፍኑትን ጠባብ ክፍተት በፍሬሞቹ ዙሪያ በመተው የሚነቀል ፍሬም ያለው ቀፎ ሠራ። ዛሬ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ከሚባሉት የቀፎ ዓይነቶች አንዱ በዚሁ ሰው ስም ይጠራል። አናቢው ወይም ባለሙያው የዕጭ በሽታን ለመመርመር ፍሬሙን አንሥቶ በብርሃን ሲያይ፣ ቡርናን በፕሬኒ የጀመረውን ሥራ በተሻለ መሣሪያ ይቀጥላል።

ድንጉላ ብቻ የምትጥለው ንግሥት እንቆቅልሽ ግን ሁበር ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ በ1845 በሲሌዥያዊው ቄስ በያን ጄርዞን ተፈታ። ድንጉላ የሚገኘው ካልዳበረ ዕንቁላል ነው፤ ዘግይታ የወጣችው ንግሥትም ሆነች ያልተገናኘችው ሠራተኛ ድንጉላ ብቻ የሚጥሉት የወንድ ዘር ስለሌላቸው ነው። ሁለቱም ማስረጃዎች በሁበር እጅ ነበሩ። ደብዳቤዎቹ የተላኩለት ቦኔም ቢሆን ያለ ወንድ መራባት እንደሚቻል በ1740 በዕፅዋት ቅማሎች ላይ አይቶ ያስታወቀ ሰው ነበር።